ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና የአባዬ አራት ነጥብ

አባዬ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። ትዝታውን ጽፎ ጨርሷል፤ ድረ ገጽ ላይ የማወጣለት እኔ ነኝ። ቃላቱን የሚለያየው እንደ ድሮው በሁለት ነጥብ ነው።

ለፎንት የመረጥኩት ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ነው። ጉግል ፎንትስ ላይ በነፃ ይገኛል። ውፍረቱ ከ100 እስከ 900 ስለሚሄድ ለርዕሱም ለጽሑፉም አንዱ ፎንት በቃኝ። ስልክ ላይ በ18 ፒክስል አድርጌ ሳየው «ጨ» እና «ጬ» አልተምታቱብኝም።

ያስቸገረኝ ነጥቡ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን አስተካከለና «ይቺ አራት ነጥብ ምን አጥፍታ ነው ብቻዋን የቆመችው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ «።» ከቃሏ ተነጥላ መስመር መጀመሪያ ላይ ወርዳለች። ፎንቱ ጥፋት የለበትም። ትንሽ እንድትተነፍስ ብዬ ከፊቷ ስፔስ መትቼ ነበር፤ ብራውዘር ደግሞ መስመር ሲሞላበት ስፔስ ባገኘበት ይሰብራል።

ስፔሱን አጥፍቼ የድረ ገጽን መልክ ወደሚያስተካክለው ቋንቋ፣ ወደ ሲኤስኤስ ዞርኩ። ሌተር-ስፔሲንግ ለዚህ አይሆንም፤ ፊደሉን ሁሉ ያራርቅና ቃሉን ይበታትነዋል። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ብቻ የሚያሰፋው ወርድ-ስፔሲንግ ይሻላል። የሲኤስኤስ ደንብ ላይ የኛ ሁለት ነጥብ፣ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ቁጥሯ U+1361፣ ከተራው ስፔስ ጎን የቃል መለያያ ተብላ በስሟ ተጠቅሳለች። ይህን ሳነብ ለአባዬ ሮጬ ነው የነገርኩት። አራት ነጥብ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሷን ነው።

በመጨረሻ እያንዳንዷን «።» በስፓን (ከጽሑፉ ጥቂቱን ለይቶ በሚይዝ የገጽ ኮድ) ከብቤ በግራዋ 0.15 ኤም ማርጅን (ባዶ ክፍተት) ሰጠኋት። ኤም የሚባለው መለኪያ ከፊደሉ መጠን ጋር ስለሚያድግ፣ ፊደሉን ባተለቅኩት ቁጥር ክፍተቱም አብሮ ይሰፋል። በመሃል ስፔስ ስለሌለ ከቃሏ አትነጠልም። ጽሑፉን ኮፒ ያደረገ ሰውም ትርፍ ስፔስ አይከተለውም። ከኋላዋ ግን የተለመደውን አንድ ስፔስ ተዉላት። በእጅ መክበቡ ያደክማል፤ እኔ በአጭር የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ነው የጨረስኩት።

ፎንቱን ለረጅም ጽሑፍ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ትናንት አባዬ ሦስተኛውን ምዕራፍ ስልኩ ላይ እስከ መጨረሻው አነበበና «አራተኛውስ?» አለኝ።