በእጅ የሚያዘው ቱነር ከስምንት ወር በኋላ፦ ምነው መጀመሪያውኑ ሶፍትዌሩን በገዛሁ

ቱነር የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ "ግዛው" እል ነበር። ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ትሰካዋለህ፣ የቤንዚንህን ኦክቴን ትመርጣለህ። የፋብሪካውን ፋይል (ለሞተሩ ነዳጅና እሳት የሚወስነውን ፕሮግራም) አስቀምጦ አዲሱን ይጭናል። መኪናዋም እውነትም ነቃ ብላ ነበር።

ከዚያ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ በሰፊ ቀየርኩ። በሁለተኛው ቀን የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ነዳጁ ከአየሩ አንሷል። የቱነሩን ስክሪን ሳይ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሸፈን 18 ከመቶ ነዳጅ እየጨመረ ነው።

የአየር መለኪያው ሴንሰር የተስተካከለው ለፋብሪካው ቱቦ ነው። ቱቦው ሲሰፋ ያው አየር ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ሴንሰሩም የገባውን አሳንሶ ይናገራል። ረጋ ብለህ ስትነዳ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስህተቱን ያርማል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ግን ብዙ መኪና ላይ ያ እርማት ይቆማል። አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት ከሞተሩ ድምፅ መጣ፤ ልክ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲበተን። ኖክ ይሉታል፤ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ነዳጅና አየር ያለ ሰዓቱ ሲፈነዳ ነው፤ ሞተር ይጎዳል። ወዲያው እግሬን አነሳሁ። ልቤ ድው ድው ይል ነበር።

እስቲ "ለማንኛውም ማሻሻያ ይሆናል" የምትሉ ሻጮች ንገሩኝ፤ የሴንሰሩን ሰንጠረዥ (ምልክቱን ወደ አየር መጠን የሚተረጉመውን) የማስተካክለው የትኛው ሜኑ ውስጥ ነው? የለም! ውስጡ ያለው ላልተነካ መኪና የተሠራ ፋይል ነው። ባለሙያ የሠራውን ፋይል የሚቀበሉ ቱነሮች እንዳሉ አውቃለሁ። የእኔው አይቀበልም። ስገዛው ይህን የነገረኝ የለም።

የፋብሪካውን ፋይል መልሼ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራውን የባለሙያ ሶፍትዌር ገዛሁ። ቀላል አይደለም፤ ለመልመድ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። የአየርና የነዳጁን መጠን በትክክል የሚያነብ ዋይድባንድ ሴንሰርም ጭስ ማውጫው ላይ ማስገጠም ነበረብኝ። ፋይል ስትጭን ደግሞ ባትሪውን ቻርጀር ላይ አድርገው። መሀል ላይ ኃይል ከተቋረጠ የመኪናው ኮምፒውተር ሊሞት ይችላል።

ግን ሰንጠረዡ ፊቴ ተዘርግቷል። ነድቼ እመዘግባለሁ፣ የተሳሳተውን ነጥብ አርማለሁ፣ እንደገና እነዳለሁ። አሁን 18 የነበረው 2 ሆኗል።

መኪናህን ምንም ሳትነካካ የምትነዳ ከሆነ ቱነሩ ይበቃሃል። ቱቦ፣ ኢንጀክተር ወይም ተርቦ የመቀየር ሐሳብ ካለህ ግን ገንዘብህን ሁለቴ አታውጣ፤ እኔ አውጥቻለሁ።

ትናንት እዚያው አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ረገጥኳት። የጠጠሩ ድምፅ የለም። ቤት ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩት፤ የኖክ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች 0 ነው።