ዛንዚባር ወይስ ሲሼልስ? ዋና ለማንችል የአዲስ አበባ ሰዎች

ሰሞኑን ካዛንቺስ ቢሮ ሦስት ሰው ለየብቻ መጥቶ ጠየቀኝ፣ አንዱ ሊያገባ ነው፣ አንዷ እቁብ ወጥቶላታል፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ክረምቱ መሮታል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው፣ «ዛንዚባር ይሻላል ሲሼልስ?» ሁለቱንም ሄጄ ስላየሁ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄን እልካለሁ ብዬ ነው።

ሁሉም ሰው የሚያወዳድረው በፎቶና በሆቴሉ ኮከብ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ዋና ትችላላችሁ ወይ ብዬ ነው። አንዋሽ፣ አብዛኞቻችን ላንጋኖ እስከ ወገብ ገብተን ፎቶ ተነስተን የወጣን ሰዎች ነን። እኔ ራሴ የተማርኩት ሠላሳ ካለፈኝ በኋላ ሆቴል ፑል ውስጥ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ ነው፣ እነሱ ቀድመውኝ ጨረሱ። ኮራል (ባሕር ሥር ድንጋይ መስሎ የሚያድገውን ሕይወት ያለው ነገር) ለማየት ነው ምሄደው ካላችሁ ዋናው ነገር ኮራሉ የት ነው ያለው፣ በእግራችሁ ነው ምትደርሱበት ወይስ በጀልባ?

ዛንዚባር ላይ ጥሩ የሚባለው ኮራል ያለው ምኔምባ የምትባል ትንሽዬ ደሴት ዙሪያ ነው፣ በሰሜን ምሥራቁ በኩል። ደሴቷ ራሷ የግል ሎጅ ስለሆነች እሷ ላይ አትወርዱም፣ ጀልባው አጠገቧ ወስዶ ውሃው መሀል ያቆምና በሉ ዝለሉ ነው። ላይፍ ጃኬት ይሰጧችኋል፣ ማስክና ስኖርክልም (በአፍ የሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ) አለ፣ ግን እግራችሁ ምንም ሳይነካ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ደፍቶ በአፍ መተንፈስ ማለት ለጀማሪ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የጀልባውን መሰላል ይዛ ነው ያሳለፈችው፣ ዓሣ አይታለች ግን፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዓሣ እግሯ ሥር መጥቶ። ደግሞ ጀልባው ብዙ ነው፣ በተለይ ረፋድ ላይ ሰው በሰው ይሆናል፣ በጠዋት የሚወጣ ጀልባ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

ሲሼልስ ላይ ተቃራኒው ነው። ላ ዲግ የምትባለዋ ደሴት ላይ አንስ ሱርስ ዳርዣን ሚባለው ቢች፣ ያው ያ ትልልቅ የለሰለሰ ግራናይት ድንጋይ ያለበት፣ ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ምታዩት፣ ከፊቱ ሪፉ (የኮራሉ ግድግዳ) ማዕበሉን ስለሚያቆምለት ውሃው ረጅም ርቀት ድረስ ወገብ አይደርስም። ቆማችሁ ጎንበስ ብላችሁ ዓሣ ታያላችሁ፣ ከፈራችሁ ቀና ማለት ነው፣ አለቀ። ትልቋ ደሴት ማሄ ላይም አንስ ሮያል ጋ ከዳር እየተራመዱ ገብተው ስኖርክል ያደርጋሉ። ዋና ለማይችል ሰው ይሄ ልዩነት ከሆቴሉ ቁርስ በጣም ይበልጣል። ሱርስ ዳርዣን መግቢያው በድሮ የኮኮናት እርሻ ውስጥ ስለሆነ ይከፈላል፣ ከጀልባው ወርዳችሁ ሳይክል ተከራይታችሁ ነው ምትሄዱት።

አሁን ስለ ኮራሉ ራሱ አንድ ነገር፣ ቀለም በቀለም የሆነ አትክልት ቦታ ጠብቃችሁ አትሂዱ። እ.ኤ.አ በ1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ የሲሼልስ ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞቷል፣ ከዛም በ2016 እንደገና ተመታ። በማገገም ላይ ያለ አለ፣ ግራጫ ፍርስራሽ የሆነም አለ። ዓሣውና ኤሊው ግን አላሳፈረኝም። ኮራል ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ድንጋይ መስሏችሁ እንዳትቆሙበት፣ እሱም ይሞታል እናንተም ትቆረጣላችሁ። ለእግር የውሃ ጫማ ግዙ፣ በተለይ ዛንዚባር ያ ጥቁር እሾሃም የባሕር ጃርት በየቦታው አለ፣ ውሃው ሲጎድል በእግራችሁ ስትገቡ ነው ሚወጋችሁ።

ስለ መጉደል ካነሳን፣ ዛንዚባር ምሥራቁ በኩል ፓጄና ጃምቢያኒ ሆቴል ከያዛችሁ በየቀኑ ለሰዓታት ባሕሩ ይጠፋባችኋል፣ ቀልድ አይደለም፣ በጣም ሩቅ ድረስ ይሸሽና መሬቱ ላይ ሴቶች የባሕር አረም እርሻቸውን ሲሰበስቡ ታያላችሁ። ለማየት ደስ ይላል፣ ለመዋኘት ግን ጠብቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ መሆን ምትፈልጉ ከሆነ ሰሜኑን ያዙ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ እዛ መጉደሉ ያን ያህል አይሰማም። አንድ የማውቀው ሰው በርካሽ ፓኬጅ ምሥራቁን ይዞ አራት ቀን ጭቃ አይቶ መጣ፣ ኤጀንቱ ስለ ውሃው አንድም ቃል አልነገረውም።

ወቅቱ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የኛ ክረምት የዛንዚባር ደረቅ ወቅት ነው፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ፀሐይ፣ ነፋሻማ፣ ሙቀቱም ሚቻል፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ለቤተሰብ ይሄ ይመቻል። ፋሲካን ግን ዛንዚባር አትሂዱ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ከባድ ዝናባቸው ነው፣ ዋጋው የሚረክሰው ለዚህ ነው፣ አንዳንዱ ሆቴል ጭራሽ ይዘጋል። ሲሼልስ ደግሞ በኛ ክረምት ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ባሕሩን ይንጠዋል፣ ከማሄ ወደ ፕራላን ደሴት በሚሄደው ፈጣን ጀልባ ሰው ሁሉ ፌስታል ይዞ ነው ሚቀመጠው (እኔም አንዷን ተጠቅሜያለሁ)፣ አንዳንዱ ቢችም የባሕር አረም ይሞላዋል። ባሕሩ የሚረጋው በነፋሶቹ መቀያየሪያ ላይ ነው፣ ሚያዝያ አካባቢና ከዛ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር። ስለዚህ የፋሲካ እረፍት ለሲሼልስ፣ ክረምት ለዛንዚባር፣ በቃ።

ብር ላይ ሲሼልስ ውድ ነው፣ ልሸፋፍነው አልችልም፣ ብዙ ነገር ከውጭ የሚገባበት አገር ነው። እኛ የሆቴል ሐሳብ ትተን ኩሽና ያለው ገስት ሃውስ ይዘን ምሳ ከቴክአዌይ ሩዝና የኦክቶፐስ ካሪ እየገዛን ነው የቻልነው። ዛንዚባር በዛው ብር ረዘም ያለ ጊዜ ትቆያላችሁ፣ ማታ አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ውስጥ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ላይ ቆሞ መብላት አለ፣ ጿሚ ከሆናችሁም ባቄላ በኮኮናት፣ ቻፓቲ፣ ቅመም ያለው ሩዝ አታጡም። ግን ከእ.ኤ.አ ጥቅምት 2024 ጀምሮ ለአንድ ሰው 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ አለ፣ ፓኬጅ ስትጠይቁ ተካቷል ወይ በሉ። የታንዛኒያን የቪዛ ጉዳይ ቲኬት ሳትቆርጡ ጨርሱት። ሲሼልስ ቪዛ የለውም፣ ግን ከበረራ በፊት በኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ይሞላል፣ ማረፊያና መመለሻ ቲኬት ይጠየቃል። ሁለቱም ጋ ከቦሌ አየር መንገዳችን አለ፣ ለሁለቱም ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ) ያስፈልጋል፣ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት እንዳታስታውሱት።

አለባበስ፣ ስቶን ታውን የሙስሊም ከተማ ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፈን፣ ቢች ላይ ምንም አይደለም። ሲሼልስ ማንም አያያችሁም። ዛንዚባር ሌላ የወደድኩት፣ ሰዓት ሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሉ የእውነት ሦስት ሰዓት ማለታቸው ነው፣ በስዋሂሊ ከሆነ። በእንግሊዝኛ ከሆነ ናይን ይሏችኋል፣ ሁለቱን አደባልቀን ጀልባ ሊያመልጠን ነበር።

ሌላ አማራጭ ለሚሉኝ፣ በጀት ካጠረ ሞምባሳና ዲያኒ፣ ኬንያ በኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፣ ከዲያኒ በመኪና ሺሞኒ ድረስ፣ ከዛ ወደ ኪሲቴ ሪፍ በጀልባ ይኬዳል፣ ዝናቡ እንደ ዛንዚባር ነው። ማልዲቭስ ደግሞ ለሙሽራ ጥሩ ነው፣ ቪዛ እዛው ስትደርሱ በነጻ ይሰጣል፣ ሪፉ ብዙ ቦታ ከቢቹ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ ጫፉ ግን ድንገት ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ ዋና ለማይችል እዛ ጫፍ ድረስ አትጠጉ። ሪዞርት ላይ በሰው በሌሊት 12 ዶላር ታክስ አለ፣ አልኮልም ከሪዞርት ውጪ ሕዝቡ የሚኖርበት ደሴት ላይ ክልክል ነው።

ዳይቭ (በአየር ሲሊንደር ጠልቆ መዋኘት) ምታደርጉ ካላችሁ የመጨረሻውን ቀን ባዶ ተዉት፣ ከጠለቃችሁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩም፣ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗን አትርሱ። እኛ ዛንዚባር ያችን ቀን ቻንጉ ደሴት፣ ፕሪዝን አይላንድ የሚሏት ላይ ግዙፎቹን ኤሊዎች ጎመን እያበላን አሳለፍናት። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ በ1919 ከሲሼልስ የተላኩ ስጦታ ናቸው፣ ሁለቱንም አገር ያየ ሰው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።