«የአትሌት ጫማ ነው» ሲሏችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ

ኅዳር ሲቃረብ የሩጫ ጫማ የሚያፈላልገው ሰው ይበዛል። ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት የያዛችሁ፣ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የምትወጡ የምትወርዱ፣ እሁድ እሁድ እንጦጦ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አምና በ9,500 ብር የገዛሁት ጫማ ገንዘቤንም እግሬንም በልቶብኛል።

ሩጫ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አትሌት አይደለሁም፤ ቢሮ ውዬ ሲመሽ የምሮጥ ሰው ነኝ። ሕልሜ 10 ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ሰዓት በታች መጨረስ ነበር። ካቻምና በአንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነበር የገባሁት። እነዚያን አራት ደቂቃዎች ለመቀነስ ዓመቱን ሙሉ ስለፋ ከረምኩ። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአሮጌው ጫማዬ ተረከዝ አለቀ። ያኔ ነው ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ባለ ካርቦን ጫማ መፈለግ የጀመርኩት።

ለማታውቁት፣ ይህ ጫማ ሶሉ ወፍራም ነው። ስፖንጁ ቀላልና ለስላሳ ሆኖ ሲረገጥ ተመልሶ ይነሳል። በመሀሉ ደግሞ ቀጭን የካርቦን ዝርግ ተቀብሮበታል፤ ጫማው እንዳይታጠፍ የሚይዘው እሱ ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትጨርስ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ ይመዝናል። ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ሌሎቹም ባለ ካርቦን ጫማዎች አዲስ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከ200 ዶላር በላይ ናቸው። በዛሬ ምንዛሬ ምቱትና 9,500 ብር የት እንደሚወድቅ ታዩታላችሁ።

ይህን ሒሳብ አላጣሁትም ነበር። ሻጩ ግን ለዋጋው መልስ ነበረው።

«እህቴ፣ የአትሌት ነው» አለኝ። «ስፖንሰሩ በገፍ ይልክላቸዋል፣ እነሱ ያወጡታል። እናቴ ትሙት፣ ኦርጅናል ነው። ውጭ አገር ብትገዢው ሦስት እጥፍ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስፖንሰር ያላቸው አትሌቶቻችን ጫማ ይሰጣቸዋል፤ የተረፋቸውን ለዘመድ የሚሰጡ ወይም የሚሸጡ አሉ። ከልምምድ ጓደኞቼ መካከል በዚህ መንገድ እውነተኛውን ጫማ ያገኙ አሉ። ስለዚህ «የአትሌት ነው» ሲባል ጆሮ ይቀበላል። እኔም ተቀበልኩ። ሱቁ ውስጥ ግን ያ ጫማ ከ37 እስከ 44 ቁጥር፣ በሦስት ዓይነት ቀለም፣ ካርቶኑ ተደራርቦ ነበር። አንድ አትሌት ያለው አንድ የእግር ቁጥር ነው። ይህን ያሰብኩት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመርበታል፣ ያለ ደረሰኝ ላስተካክልልሽ» አለኝ። ከ10,500 ብር ወደ 9,500 ወረደልኝ። በሞባይል ባንኪንግ እሱ ወደ ሰጠኝ የሒሳብ ቁጥር አስገባሁለት። በዚያች 1,000 ብር መብቴን እንደሸጥኩ ያኔ አልገባኝም።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ደስ የሚል ነበር። ጭፈራው፣ ፉጨቱ፣ በየመንገዱ ውኃ የሚረጩት ልጆች። እስከ አራተኛው ኪሎ ሜትር ሰዓቴ ካሰብኩት የተሻለ ነበር። አምስተኛው ላይ ቀኝ እግሬ ከጣቶቼ ሥር ይወጋኝ ጀመር። ስድስተኛውን እንዳለፍኩ ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ። የራሴ ጫማ ነበር። የግራው ሶል ከፊት በኩል ተላቆ አስፋልቱን ይመታል። የፀጉር ማሰሪያዬን ፈትቼ አሰርኩት። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ተበጠሰ። የቀረውን በእግሬ እያነከስኩ ጨረስኩት፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ። መግቢያው ላይ አልቅሻለሁ። የዓመት ልፋቴ ነበርና።

በማግሥቱ ቀኝ እግሬ አብጦ ተነሳሁ። ጤና ጣቢያ ስሄድ «ጅማትሽ ተቆጥቷል» ተባልኩ። ስድስት ሳምንት ሩጫ የለም። ማስታገሻ መድኃኒቱ፣ ራጁ፣ የታክሲው ሲደመር ሌላ ወጪ ነው።

ጫማውን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉት ጫማ ሰፊ ሄድኩ። እንዲጠግኑልኝ አልነበረም፤ ውስጡን ማየት ፈልጌ ነው። «ጋሼ፣ ለሁለት ይሰንጥቁልኝ» ስላቸው «ልጄ፣ አዲስ እኮ ነው!» ብለው ደነገጡ። ከዚያ ቢላቸውን አሹለው ከተረከዙ ጀምረው ቀደዱት። ሽታው ሁለታችንንም አስነጠሰን፤ ማስቲሽ ነው፣ በብዛት። ስፖንጁን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ የነጠላ ጫማ ሶል ነው የሚመስለው፣ ደረቅ። መሀሉ ላይ ካርቦን ይኖራል ያልኩት ቦታ ጥቁር ፕላስቲክ አገኘን፤ ውፍረቱ የጄሪካን ያህል። ጋሼ በሁለት ጣታቸው አጠፉት። ቀጥ ብሎ አልተመለሰም፣ እንደታጠፈ ቀረ። ቀኝ እግሬን የወጋኝ የዚሁ ፕላስቲክ ጫፍ ነው፤ በመርገጫው በኩል ብቅ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች ሊገዙ ሲሉ አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም አስቁሜያለሁ። የማደርገው ከባድ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ክብደቱን አያለሁ። እውነተኛው ባለ ካርቦን ጫማ በመካከለኛ ቁጥር አንዱ እግር 200 ግራም ገደማ ነው። የእኔን አትክልት ቤት ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 340 ግራም ሆነ። የአትክልት ቤቱ ልጅ አይቆጣም፣ አስመዝኑ። ቀጥሎ ጫማውን ከጫፍና ከተረከዙ ይዤ ለማጠፍ እሞክራለሁ። ካርቦን ያለው አሻፈረኝ ይላል፤ ስትለቁት ቀጥ ይላል። በግማሽ ከታጠፈላችሁ ካርቦን የለውም። ሦስተኛ፣ ምላሱ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። የሞዴል ኮዱ አንድ መሆን አለበት። የእኔ ካርቶን ላይ ያለው ኮድ ስልኬ ላይ ስጽፈው የወንዶች የእግር ኳስ ጫማ ነው ያመጣልኝ።

የሶሉንም ውፍረት በመስመሪያ ለኩ። ለጎዳና ውድድር የዓለም አትሌቲክስ የሚፈቅደው እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ደንቡ ቀልድ የለውም፤ የኛው ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ገብቶ፣ ሶሉ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። የእሱ ጫማ ኮፒ ስለነበር አይደለም፤ ለልምምድ የተሠራ ስለነበር ነው። እኛን ማንም አይለካንም። ነገር ግን ፋብሪካው 39 ሚሊ ሜትር ነው ያለው ሞዴል እጃችሁ ላይ 46 ከሆነ፣ ፋብሪካው የሠራው እሱን አይደለም ማለት ነው። የእኔ 46 ነበር።

ሱቁ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ሻጩ እሱን አሳየኝ። ይህ ጽሑፍ ብዙዎቻችንን ያስፈራናል፣ ሕጉ ግን ሌላ ነው የሚለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህን ነገርኩት። «ከእኔ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ደረሰኝ የለኝም። የባንኩ መልእክት ላይ ያለው የማላውቀው የሌላ ሰው ስም ነው። ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ፤ እነሱም መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ ደረሰኝ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ፣ ቫቱም ይጨመር። ካርቶኑን አትጣሉ። ሻጩ ሱቅ ውስጥ «የአትሌት ነው» ሲል ደረሰኙ ላይ ሞዴሉንና «ኦርጅናል» የሚለውን እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። አብሬያቸው የሄድኩት ሁለቱም ሰዎች ይህን ሲጠይቁ ሻጮቹ አልጽፍም አሉ። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ካርቦን የሌለው ተራ የመሮጫ ጫማ ግዙ፤ ለእኛ ፍጥነት በቂ ነው። እኔ አሁን የምሮጠው በእንደዚያ ያለ ነው፤ እንጦጦንም ወጥቼበታለሁ። ምንም ይሁን ምን ግን ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ሩጡበት።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ ያው ሮዝ ጫማ መስታወቱ ጀርባ ተደርድሯል። አንዲት ልጅ እግሯን አስገብታ እየለካች ነበር። ገብቼ የተሰነጠቀውን ጫማ ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየኋት። ጫማውን አውልቃ አስቀመጠችው። ሻጩ ተሳድቦ አስወጣኝ፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 12,000 ሆኗል።