የቆሮሶ ዓሣ ወንድና ሴት፦ መጠበቅ ወይስ አገላብጦ ማየት?

ኮምቦልቻ ጓሮዬ ውስጥ በገንዳ ቆሮሶ አሳድጋለሁ። ወንዱን ከሴቷ ለመለየት ሁለቱንም መንገድ ሞክሬአለሁ።

መጠበቁ ቀላል ነው። ወንዱ ፈጥኖ ይገዝፋል፤ ለመራባት ሲደርስ ጉሮሮው ይቀላል። ግን እስከዚያ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ገንዳው በጫጩት ይሞላል።

አገላብጦ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። 30 ግራም ገደማ ሲደርስ፣ እጄን አርጥቤ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ከፊንጢጣው ኋላ ትንሽ ጉብታ አለች። የወንዱ ሾጠጥ ብላ ጫፏ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አላት። የሴቷን ግን መሃሏን አግድም ስንጥቅ ያቋርጣታል፤ እንቁላሉ የሚወጣው በዚያ ነው። ካልታየኝ ጠብታ ቀለም አስነካታለሁ፤ ስንጥቁ ቁልጭ ይላል። ዓይን እስኪለምድ ያሳስታል።

ደሴ ያላችሁ፣ ብርዱ እድገቱን ስለሚያዘገየው ወር አትቁጠሩ፤ መዝኑት።