የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ 60 ተርኖች፦ ሲቪላይዜሽን 6 በፖሊሲ ካርዶቹ ሲመዘን

ሲቪላይዜሽን 6 አንድ ሥልጣኔ ከጥንት ጀምሮ እየመሩ በተርን (ተራ በተራ) የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ነው። ስለ እሱ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጨረሻው ነው፤ ማን ሮኬት ላከ፣ ማን ዓለሙን በሃይማኖቱ ሞላው፣ የማን ቦምብ የማን ከተማ ላይ ወደቀ። እኔ ጌሙን የምመዝነው በመጀመሪያዎቹ 60 ተርኖች ነው። እንቅልፍ የሚነሱኝ እዚያ ላይ የሚመረጡት ፖሊሲዎች፣ ማለትም መንግሥቱ ላይ እየተሰኩ ጥቅም የሚሰጡ ካርዶች ናቸው። ከ100ኛው ተርን በኋላ ያለው ለእኔ የተጀመረውን መጨረስ ብቻ ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ ነኝ። ቀን የሂሳብ መደብ ሳገላብጥ ውዬ ማታ ደግሞ የፖሊሲ ካርድ ሳገላብጥ ስለማመሽ ታናሽ ወንድሜ «አንቺ ሥራሽን ቤት ድረስ ነው የምታመጪው» ይለኛል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌ 1 ሥራ ላይ የዋለ በጀት ከርዕስ ወደ ርዕስ እንዲዛወር ደብዳቤ፣ ፊርማና ማኅተም ይፈልጋል፤ ሰኔ ላይ ያልተነካ ገንዘብ ለመጨረስ የሚሮጠውን ሩጫ ያየ ያውቀዋል። በጌሙ ውስጥ ግን አንድ ሲቪክ (የማኅበረሰቡ አንድ የዕድገት እርምጃ) ባለቀ ቁጥር ካርዶቹን ሁሉ በነጻ መቀያየር ይቻላል። ሲቪክ ባላለቀበት ተርን ልቀይር ካላችሁ ጎልድ፣ የጌሙን ገንዘብ፣ ትከፍላላችሁ። ጌሙን ያዳነችው ይህች ሕግ ናት። የቱ ካርድ ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቀርና፣ የሚቀጥለው ሲቪክ እስኪያልቅ ምን ልሠራ ነው የሚለው ይመጣል።

የመጀመሪያው ሲቪክ ኮድ ኦፍ ሎውስ ይባላል። እሱ ሲያልቅ ሁለት የካርድ ቦታ ይከፈታል፤ አንድ የጦር፣ አንድ የኢኮኖሚ። ለኢኮኖሚው ሁለት ካርድ ይቀርባል። ጎድ ኪንግ ለዋና ከተማው በየተርኑ 1 ፌይዝ (የእምነት ነጥብ) እና 1 ጎልድ ይጨምራል። ኧርባን ፕላኒንግ ለእያንዳንዱ ከተማ 1 ፕሮዳክሽን (የመሥራት አቅም) ይሰጣል። አብዛኛው ተጫዋች ኧርባን ፕላኒንግን ሳያስብ ይሰካል፤ አይፈረድበትም። በዚያን ሰዓት የአንድ ከተማ ፕሮዳክሽን በጣት የሚቆጠር ስለሆነ 1 መጨመሩ ቀላል አይደለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ከተማ ሲቆረቆር ደግሞ ጥቅሙ አብሮ ያድጋል። ጎድ ኪንግ ዋና ከተማው ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። በወረቀት ካየነው ሁለቱ እኩል አይደሉም፤ ይህን የጌሙ ጉድለት ብዬ እይዘዋለሁ።

ነገር ግን ፓንቴዮን፣ ማለትም ሥልጣኔው መጀመሪያ የሚመርጠው እምነት፣ አለ። እሱን ለመመሥረት 25 ፌይዝ ያስፈልጋል፤ አንዱ የወሰደውን እምነት ሌላው ስለማያገኘው ቀድሞ የደረሰ ጥሩ ጥሩውን ያነሳል። ሌላ የፌይዝ ምንጭ የሌለው ሥልጣኔ በጎድ ኪንግ ብቻ 25 ተርን ይፈጅበታል። ረጅም ነው፤ ከነጭራሹ ከመቅረት ግን ይሻላል።

አሁን ምኒልክን አስገቡበት። ዳግማዊ ምኒልክ ወደዚህ ጌም የመጡት በሐምሌ 2020 (እንደ ፈረንጆቹ) በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ነው። የኢትዮጵያ ከተሞች ላለሙት ለእያንዳንዱ ሪሶርስ (የተፈጥሮ ሀብት) 1 ፌይዝ ያገኛሉ። ከተማው ኮረብታ ላይ ከተቆረቆረ ደግሞ ከፌይዙ 15% የሚያህል ሳይንስ፣ እንዲሁም ያንኑ ያህል ከልቸር (ባህል) ይጨመርለታል። (እንጦጦን ትተው ወደ ፍልውሃ የወረዱትን ንጉሥ ጌሙ መልሶ ኮረብታ ላይ መስቀሉ ያስቀኛል።) ለሌላው ተጫዋች ፌይዝ በኋላ የሚታሰብ ነገር ሲሆን ለምኒልክ ከመጀመሪያው ቀን የሳይንሱም የከልቸሩም ምንጭ ነው። ስለዚህ የእኔ አካሄድ መጀመሪያ ጎድ ኪንግ ነው፤ ቢልደሩ፣ መሬት የሚያለማው ሠራተኛ፣ አንድ ሁለት ሪሶርስ ካለማ በኋላ በሚያልቀው ሲቪክ ኧርባን ፕላኒንግ ይገባል። ፌይዙ ከመሬቱ መምጣት ከጀመረ የካርዱ 1 ምን ያደርግልኛል? ሌላ መሪ ይዤ ስጫወት ይህ ጥያቄ እንደዚህ አፍ አውጥቶ አይጠይቀኝም።

የእነዚህ ተርኖች ጀግና ቢልደሩ ነው። ሦስት ጊዜ ሠርቶ ያልቃል። ሦስት መሬት ሲለማ ክራፍትስማንሺፕ ለሚባለው ሲቪክ ኢንስፒሬሽን ይገኛል፤ ከ2018ቱ ራይዝ ኤንድ ፎል ማስፋፊያ ወዲህ ይህ ማለት የሲቪኩ 40% በነጻ ተሠራ ማለት ነው። ሦስቱም መሬቶች ሪሶርስ ያለባቸው ከሆኑ በአንድ ቢልደር 40%ቱም፣ በየተርኑ 3 ፌይዝም በእጃችሁ ገባ። ክራፍትስማንሺፕ ሲያልቅ ኢልኩም የሚባል ካርድ ይመጣል፤ ቢልደር ሲሠራ 30% ተጨማሪ ፕሮዳክሽን ይሰጣል። የሚሰካው ቢልደር ለመሥራት ከተወሰነ ብቻ ነው። ኢልኩምን ሰክቶ ጦር የሚያሠለጥን ሰው አይቻለሁ፤ ወንድሜ ነው።

ከዚያ ኧርሊ ኢምፓየር ይመጣል፤ ጌሙን የምወደው በዚህ ሲቪክ ነው። ኮሎናይዜሽን የሚባል ካርድ ይሰጣል፤ ሴትለር (አዲስ ከተማ የሚቆረቁር ሰፋሪ) ሲሠራ 50% ተጨማሪ ፕሮዳክሽን። ኢንስፒሬሽኑን ለማግኘት ግን የሕዝባችሁ ቁጥር በድምሩ 6 መድረስ አለበት፤ አንድ ሴትለር በወጣ ቁጥር ደግሞ ከከተማው ሕዝብ አንድ ይቀነሳል። ሴትለርን የሚያረክሰው ካርድ ቶሎ እንዲመጣ ሴትለር ሳትሠሩ መጠበቅ አለባችሁ ማለት ነው! ከጠበቃችሁ ጎረቤት መሬቱን ይቀድማችኋል፤ ካልጠበቃችሁ በሙሉ ዋጋ ትሠራላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ከተማ በሙሉ ዋጋ አወጣና የሁለቱ ሕዝብ ተደምሮ 6 እስኪሞላ ሴትለር አልነካም። ካርዱ ሲገባ ሦስተኛውና አራተኛው ከተማ በተከታታይ ይወጣሉ። ኮሎናይዜሽን ተሰክቶ ሳለ ግንብ መገንባት እኔ ቤት አይፈቀድም።

የጦሩ ቦታ ላይ ብዙ አልቆይም። ሰርቬይ የሚባለው ካርድ የስካውትን (የቃኚውን) ልምድ በእጥፍ ያሳድጋል፤ ዲሲፕሊን የሚባለው ባርቤሪያን (ሥልጣኔ የሌለው ሽፍታ) ሲገጥማችሁ 5 ጉልበት ይጨምራል። አካባቢውን እስካውቅ ሰርቬይ ይቆያል፤ የባርቤሪያን ስካውት ከተማዬን አይቶ ወደ ሰፈሩ መሮጥ ከጀመረ በቀጣዩ ሲቪክ ዲሲፕሊን ይተካዋል። የምኒልክ ጦር ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ስለሚጨመርለት ከዲሲፕሊኑ ጋር 9 ይሆናል፤ በዚያ ዘመን ላለ ተዋጊ ይህ ብዙ ነው። አባባ አንድ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር። ምኒልክ አማርኛ ሲናገሩ ሲሰማ ፊቱ በራ። ትንሽ ቆይቶ ፈረሰኛ ባርቤሪያኖች መጥተው እርሻውን ሲያወድሙት ግን «እምዬ ምኒልክን በሽፍታ ታስዘርፊያለሽ? ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ!» ብሎ ተነሥቶ ወደ ዜናው ሄደ።

ከዚህ በፊት የወጣውን ሲቪላይዜሽን 5ን የተጫወተ ሰው እነዚህን ካርዶች ለምን እንደማደንቅ ይገባዋል። እዚያ ፖሊሲ አንዴ ከተመረጠ ተመረጠ ነው። መጀመሪያ ላይ ትልቁ ምርጫ ትራዲሽን ወይስ ሊበርቲ የሚለው ነበር፤ ትራዲሽን ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች የከልቸር ሕንጻ በነጻ ይሰጣል፣ ሲጠናቀቅ ለአራቱም የውሃ ቦይ ይጨምራል፤ ሊበርቲ ደግሞ ነጻ ሴትለርና ነጻ ሠራተኛ ይሰጣል። የ2013ቱ ብሬቭ ኒው ወርልድ ማስፋፊያ አንድ ከተማ በተጨመረ ቁጥር የምርምሩ ዋጋ 5% እንዲያድግ ሲያደርግ አራት ከተማ ይዞ ትራዲሽን መጨረስ የሁሉም ሰው መንገድ ሆነ። በዚያኛው ጌም የኢትዮጵያ መሪ አጼ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ከእሳቸው የበለጠ ከተማ ካለው ሥልጣኔ ጋር ሲዋጉ ጦራቸው 20% ጉልበት ያገኛል። የአድዋ መንፈስ ይሉታል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ውጤቱ ግን እንደገና ትንሽ ከተማ፣ እንደገና ትራዲሽን። በተጫወትኩ ቁጥር መጀመሪያው አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ ተውኩት።

ቁጥር 6ም ቢሆን ሚዛኑ የሚሰበርበት ቦታ አለ። ዲቲ በሚባለው ከባዱ ደረጃ ኮምፒውተሩ የሚነሣው በሦስት ሴትለር ነው፤ እናንተ በአንድ። እዚያ 6 ሕዝብ እስኪሞላ መጠበቅ ቅንጦት ነው። ኮሎናይዜሽን ሲደርስ የሚሰፈርበት መሬት አልቆ ይጠብቃችኋል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው አጎጌ ወደሚባለው የጦር ካርድ ይሮጣል፤ ቀስተኛና እግረኛ ሲሠራ 50% ይጨምራል፣ ከዚያም የጎረቤት ከተማ ይነጠቃል። ያ ሁሉ የቢልደርና የሕዝብ ቁጥር ስሌት ገደል ይገባል። ኪንግና ኤምፐረር በሚባሉት ደረጃዎች ላይ ግን ከላይ የዘረዘርኩት በደንብ ይሠራል፤ እኔም የምጫወተው እዚያ ነው። ሌላው ቅሬታዬ ፖለቲካል ፊሎሶፊ ሲያልቅ የሚመጡት ሦስት መንግሥታት ናቸው። ክላሲካል ሪፐብሊክ የጦር ቦታ የለውም፤ ሁለት የኢኮኖሚ ቦታ ግን አለው። ለምኒልክ በጣም የሚጥም ምርጫ ነው፤ ጎረቤታችሁ ጦረኛ ከሆነ ግን ኦሊጋርኪ ይሻላል፤ ለእግረኛ ጦር 4 ጉልበት ስለሚሰጥ። አውቶክራሲን የመረጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ከሦስት አንዱ የማይነሳ ከሆነ ሠሪዎቹ አልሠሩትም ማለት ነው።

ልግዛው ለሚል፦ ተራ በተራ የሚጫወቱት ስለሆነ ኢንተርኔት ቢቆራረጥም ለብቻ መጫወት አይከለክልም። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በየተርኑ በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉት። ከወንድም ጋር በአንድ ላፕቶፕ እየተቀባበሉ መጫወትም ይቻላል። ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ መጀመሪያው ፈጣን ነው፤ ከተሞች ሲበዙ ግን ኮምፒውተሩ ተራውን እስኪጨርስ ቡና ይፈላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ እዚህ ላለን ሰዎች ራስ ምታት ነው፤ ውጭ ዘመድ ያለው ይጠይቅ። ትልልቅ ቅናሽ በየጊዜው ስለሚወጣ በሙሉ ዋጋ አትግዙ። ምኒልክ በመሠረታዊው ጌም ውስጥ የሉም፤ ወይ የኢትዮጵያን ጥቅል ለብቻ፣ ወይ ሁሉን የያዘውን አንቶሎጂ ግዙ። ቅናሽ ላይ አንቶሎጂው ያዋጣል።