በጅማ የሕጻናት ቲቢ ሕክምና፦ አንድ በሽታ አግኝቶ ያላቆመው ክፍል

የእህቴን የ3 ዓመት ልጅ ይዘን ጅማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሕጻናት ቲቢ ክፍል 6 ወር ተመላልሰናል። ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በታመመ ሳንባ ውስጥ አንድ በሽታ መገኘቱ ሌላው የለም ማለት እንዳልሆነ አውቆ የሚሠራ ሕክምና ማየቴ ነው።

አስቀድሞ በአንድ የግል ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ተብሎ አሞክሲሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዝዞለት፣ ትኩሳቱ በ3 ቀን ስለበረደ «በዚህ ከተሻለውማ ቲቢ አይደለም» ተብለን ተሸኝተን ነበር። ሳሉ ግን አልለቀቀውም፤ ክብደቱም ቀነሰ፤ ወር ሳይሞላ ትኩሳቱ አገርሽቶ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ወደ ሆስፒታሉ ሮጥን።

ሐኪሙ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠሩ (ለዚህ ዕድሜ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል)፣ በጣቱ ላይ ኦክስጅኑን ለኩ፣ ከዚያም «ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ልጁ አብሯቸው የሚተኛው አያቱ የቲቢ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ነበሩ፤ ይህን ክሊኒኩ አልጠየቀንም። የሰጡንን ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ በነቀርሳ (በቲቢ) ያበጡ ዕጢዎች (ንፍፊቶች) የልጅን ጠባብ የአየር ቧንቧ ሲጫኑ፣ የሚጠራቀመው አክታ እንደ ኒሞኮከስ ላሉ ባክቴሪያዎች መራቢያ ይሆናል፤ አንቲባዮቲኩ እነዚህን ሲገድል ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ነቀርሳው ግን ባለበት ይቀጥላል።

ትንሽ ልጅ አክታውን ስለሚውጥ ሰገራው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርምን በዘረመሉ በሚለይ የላቦራቶሪ መሣሪያ) ተመረመረ። ውጤቱ ጀርም የለም ቢልም፣ በሕጻናት ጀርሙ ጥቂት በመሆኑ ምርመራው ሊያመልጠው እንደሚችል ገልጸው፣ ራጁንና የአያቱን ሕመም አገናዝበው ሕክምናውን ጀመሩ፤ ለሳንባ ምች አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ፣ ለነቀርሳው ደግሞ በውሃ የሚሟሟ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ክኒን። ክኒኑ ለእህቴ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የአዋቂ ክኒን ሰባብሮ ለልጅ ማዋጥ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያየ ያውቀዋል። ታናሽ እህቱንም አስጠርተው መርምረው የመከላከያ መድኃኒት አስጀመሯት፤ ይህን እኛ አልጠየቅንም።

ቅር ያሰኘኝ መጠበቂያው ነው። የሚያስሉ አዋቂዎችና ሕጻናት መስኮቱ በተዘጋ አንድ ጠባብ ኮሪደር ከጠዋት እስከ ቀትር አብረው ይቀመጣሉ። በጅማ ክረምት መስኮት መክፈት ማንም እንደማይወድ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ቲቢ በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ ኃላፊዎቹ ነገ ሳይሉ ሊያስተካክሉት ይገባል። ራጁም ከግቢ ውጭ ስለሚነሣ ቀን ሙሉ ይወስዳል።

ልጁ ሲጀምር 10 ኪሎ ተኩል ነበር፤ በመጨረሻው ቀጠሮ ነርሷ ካርዱ ላይ 13 ኪሎ ብለው ጻፉ።