የደከመ ሞተሪኖ፦ የራስን ማሳደስ፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ ኮፒ?

ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ እያቃሰተ የሚዞርባቸው፣ አሮጌ ኮሮላ፣ ሃይሉክስ ወይም ዶልፊን ሚኒባስ የሚነዱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሞተሪኖ ልግዛ ወይስ ያለውን ላሠራው?» ይላሉ። ሞተሪኖ የሚሉት ቁልፍ ሲዞር የመኪናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አብዛኞቹ ይህን የሚጠይቁት ገበያ ወጥተው ዋጋ ሰምተው ከደነገጡ በኋላ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ተወድዷል፤ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን ጠግኖ ከመያዝ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ መኪናው አብሮት የመጣው ሞተሪኖ ዴንሶ (የጃፓኑ አምራች ሥራ) ከሆነና አርማቸሩ (ውስጡ የሚዞረው ጥቅልል ያለበት ክፍል) ካልተቃጠለ፣ እሱኑ በደንብ ማሳደስ ከሌሎቹ ምርጫዎች ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ በፊት ግን የደከመው በእርግጥ ሞተሪኖው መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ችግሩ ከገመድ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖ የገዛ ሰው ያወጣው ገንዘብ በሙሉ ኪሳራ ነው። ለምርመራው አንድ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) እና ቁልፍ የሚያዞር ሰው ይበቃሉ። ተሞልቶ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሩ እንዳይነሳ ተደርጎ (ለምሳሌ በቤንዚን መኪና የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ) ቁልፍ ሲዞር የባትሪው ቮልት ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ኮረንቲ እየሳበ ነው፤ ይህን ለመለየት ደኅና መሆኑ የታወቀ ባትሪ ተውሶ መሞከር ያስፈልጋል። ባትሪው ከ10.5 ቮልት በላይ እንደጸና ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ግን ጥፋቱ ከባትሪው አልፎ ያለ ነው።

ቀጥሎ የሚለካው ገመዱ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን የባትሪው ወፍራም ገመድ ሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ብሎን አድርጎ፣ ቁልፍ እየዞረ የሚነበበው ልዩነት ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። በማሳው (ኔጋቲቩን ከሞተሩና ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኘው ገመድ) በኩል ደግሞ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሪኖው አካል ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት በታች መሆን ይኖርበታል። ባረጁ መኪኖች ላይ ማሳው ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ዘይትና ዝገት ስለሚውጠው፣ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ ብቻ ሞተሪኖውን ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ሲመልሰው ደጋግሜ አይቻለሁ። ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ከዞረ በኋላ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ መዳሰስም ይረዳል፤ ከሌላው ይልቅ የሞቀው መጋጠሚያ ኮረንቲ የሚታፈንበት ቦታ ነው።

ገመዱም ባትሪውም ደኅና ሆነው ከተገኙ፣ ገመዱን አቅፎ ኮረንቲ የሚለካ መሣሪያ ያለው ኤሌትሪሻን ዘንድ መሄድ ይጠቅማል። ሞተሪኖው በዝግታ እየዞረ የሚስበው ኮረንቲ አነስተኛ ከሆነ ካርቦኑ (ወደሚዞረው አርማቸር ኮረንቲ የሚያስተላልፈው ተፋቂ ዕቃ) አልቋል ወይም ካርቦኑ የሚነካው ኮሌክተር ቆሽሿል፤ ይህ በቀላሉ የሚታደስ ነው። በዝግታ እየዞረ ከልክ ያለፈ ኮረንቲ የሚስብ ከሆነ ግን የአርማቸሩ ዘንግ የሚዞርበት ቡሽ ወይም ኩሽኔታ ተበልቶ አርማቸሩ ከዙሪያው ብረት ጋር እየታከከ፣ አለዚያም ጥቅልሉ እርስ በርሱ እየተነካካ ሊሆን ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብቻ የሚደክም ሞተሪኖ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ወይም የወፈረው የሞተር ዘይት ነው፤ ረጅም መንገድ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ የሚደክም ግን ጥፋቱ የራሱ ነው።

አዲሱ ኮፒ፣ ማለትም በኦሪጅናሉ አምሳያ የተሠራው ዕቃ፣ ብዙ ሰው የሚማረክበት ምርጫ ነው፤ በካርቶን ይመጣል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም ከእውነተኛው አዲስ ዴንሶ በእጅጉ ያነሰ ነው። በሚኒባስ የሚተዳደር አንድ ዘመዴ የገዛው እንዲህ ያለ ሞተሪኖ ክረምቱን ሳይጨርስ መጎተት ስለጀመረ ፈትቼ አየሁት። የኋላው ቡሽ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ አርማቸሩም በአንድ ጎኑ ብረቱን እየታከከ የሚያበራ ጭረት አበጅቷል። ሶሌኖይዱ (የባትሪውን ኮረንቲ ወደ ሞተሪኖው የሚለቀው ማብሪያ) ውስጥ ያለውንና ከመዳብ መሠራት የነበረበትን ኮንታክት በማግኔት ስሞክረው ተሳበ፤ መዳብ በማግኔት ስለማይሳብ፣ ዕቃው መዳብ የተቀባ ብረት እንደነበር ግልጽ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ዘመዴ ኮፒውን ሲገዛ የቀድሞውን ኦሪጅናል ሞተሪኖ በጥቂት ቅናሽ ለሻጩ ማስረከቡ ነው። ሻጩ የወሰደው ያ «የሞተ» ዴንሶ ከሸጠው ኮፒ ይልቅ ዋጋ ያለው ዕቃ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ምንም ቢገዛ አሮጌውን ኦሪጅናል ለቅናሽ ብሎ እንዳይሰጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ኦሪጅናል ከኮፒው ይሻላል፤ ዳሩ ግን ገዢው ውስጡን ሳያይ የሚገዛው ዕቃ ነው። ሻጩ ሞተሪኖውን መሬት ላይ አስቀምጦ ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው በፍጥነት መዞሩ ብዙ ሰው ያሳምናል፤ ነገር ግን ካርቦኑ ሊያልቅ የተቃረበ ሞተሪኖም ጭነት ከሌለበት እንዲሁ ይዞራል፤ የሚደክመው ሞተር ሲያዞር ነው። ሻጩ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ካርቦኑን እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እምቢ ካለ ዋጋውን «ካርቦን የሌለው» ተብሎ እንደሚሸጥ ዕቃ አድርጎ መከራከር ያስፈልጋል። አካሉ ላይ የተጻፈውን ቮልትና ኪሎዋት ማንበብም ግድ ነው። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች በ24 ቮልት ሞተሪኖ የሚነሱ ስለሆነ፣ የእነሱ ሞተሪኖ በ12 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ምንም ሳይበላሽ ከደከመው የባሰ ደካማ ሆኖ ይገኛል። የጥርሱ ቁጥርም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተቆጥሮ መመሳሰል አለበት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በሚባልበት ገበያ ይህ ሁሉ ብር ከመቆጠሩ በፊት ማለቅ አለበት።

ማሳደስን ከሁሉ የማስበልጠው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ዋጋው ራሱ ብዙ ይናገራል። የገበያው ዋጋ ስለሚለዋወጥ ስሌቱን በምሳሌ ቁጥር ላሳይ። ኮፒው 10,000፣ ያገለገለው 8,000፣ ማሳደሱ 4,000፣ ማውረጃና መግጠሚያው ደግሞ 1,000 ብር ተጠየቀ እንበል። ኮፒው ዓመት ሳይሞላው ሞቶ በሌላ ኮፒ ቢተካ ወጪው 22,000 ብር ይደርሳል። ያገለገለው ከመገጠሙ በፊት ቢታደስ 13,000 ይሆናል። የራስን ማሳደስ 5,000 ብር ብቻ ነው። ከተማ መሀል ቆሞ የሚገፋ ሰው መፈለግና የሥራ ቀን ማባከን በዚህ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ይህ የሚሠራው ግን እድሳቱ እድሳት ከሆነ ነው። የሞተሪኖ ካርቦን ከፍተኛ ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ ብዙ መዳብ የተቀላቀለበት ነው፤ ሲፋቅ ቀላ ብሎ መታየት አለበት። አንዳንድ ቦታ የሌላ ማሽን ጥቁር ካርቦን በሞረድ እየተስተካከለ ይገጠማል፤ እንዲህ የታደሰ ሞተሪኖ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደካማ ነው። ስለዚህ ካርቦኑን ሳይገጠም ማየት፣ ኮሌክተሩ በቶርኖ ተስተካክሎ በመዳብ ቁርጥራጮቹ መካከል ያለው መለያ ዝቅ ተደርጎ እንዲፋቅ መጠየቅ፣ ቡሽ ወይም ኩሽኔታ አብሮ እንዲለወጥ መስማማት፣ የወጣውንም ዕቃ ሁሉ መልሶ መቀበል ያስፈልጋል። «ካርቦን ብቻ ለውጬልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ቡሹ የተበላበትን ሞተሪኖ ለጥቂት ወራት ብቻ ያቆየዋል፤ የቡሽ ዋጋ ደግሞ ከማውረጃ ሂሳቡ እንኳ ያነሰ ነው።

ያገለገለ መግዛት ትክክል የሚሆነው አርማቸሩ ሲቃጠል ነው። ጥቅልሉ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ወይም ከኮሌክተሩ ጋር የተበየደበት ቆርቆሮ ቀልጦ ወደ ዙሪያው ከተረጨ፣ አርማቸር ማስጠቅለል የሚወስደው ገንዘብ ወደ ያገለገለው ዋጋ ስለሚጠጋ ድካሙ አያዋጣም። ያን ጊዜም ቢሆን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ዴንሶ ገዝቶ፣ ሳይገጠም በቀጥታ ወደ ኤሌትሪሻኑ ወስዶ፣ አዲስ ካርቦንና ቡሽ አስገብቶ መግጠም፣ ከአሮጌውም ሶሌኖይዱንና ቤንዲክሱን (ከሞተሩ ጥርስ ጋር የሚነካከሰውን ጥርስ) ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ ይበጃል።